እርቅን ማጥናት፦ የሰላም ተመራማሪ ኀላፊነት



ወደ ሰላምና ግጭት ጥናት የሚመጣ ተማሪ አስቀድሞ ከሚተዋወቃቸው ሐሳቦች አንዱ ዮሐን ጋልቱንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው ልዩነት ነው። ጋልቱንግ የቀጥተኛ ጥቃትን አለመኖር አሉታዊ ሰላም፣ ሰውን የሚያጎሳቁል ሥርዓት አለመኖሩን ደግሞ አወንታዊ ሰላም ይለዋል። ልዩነቱን ለፈተና ማጥናት ቀላል ነው፤ በአገራችን ኑሮ ውስጥ ለይቶ ማየት ግን ብርቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚህ ማሳያ ይሆነን ዘንድ ዛሬ ሽምግልናን አነሣለሁ።

የወሎን አበጋርና የኦሮሞን የጉማ ሥርዓት እናስብ። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይገባሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ እርቁም በመሐላ ይጸናል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ይቀጣ ይሆናል፤ የሟች ወንድም ግን ነገም ከገዳይ ወንድም ጋር በአንድ ገበያ ይውላል፣ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል በቀልን ለመግታት የእስራቱ ዘመን ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሽምግልናን እንደ ኋላ ቀር ልማድ ቆጥሮ የሚያልፍ ጥናት ሰላም የሚሠራበትን ቦታ ስቷል።

ነገር ግን ማወደስም ጥናት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን ሊሸሽ አይገባም።

አንደኛው የሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳዮች ነው፤ ነፍስ ግድያ በዚህ ውስጥ አልተጠቀሰም። እርቅ ከወረደ በኋላ ምስክሮች ዝም ቢሉ፣ ፍትሕ ተፈጸመ ወይስ ተሸፈነ?

ሁለተኛው የውክልና ነው። የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ በሽማግሌዎች ሲያልቅ ካሳውን የሚቀበለው ማን ነው? «ይቅር ብለናል» ያለውስ ማን ነው? የተጎዳችው ሴት ካልተጠየቀች፣ የታረቁት ሁለት ቤተሰቦች እንጂ በዳይና ተበዳይ አይደሉም። ይህ ጥያቄ ለመንደር ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የፈረሙት የፌዴራል መንግሥትና የሕወሓት ተወካዮች ነበሩ። የተኩስ መቆሙ ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም ከቀዬው የተፈናቀለው ገበሬ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጠም። አሉታዊ ሰላም ወደ አወንታዊ ሰላም የሚሻገረው የእርሱም ቃል ሲሰማ ነው።

ሦስተኛው ስለ ራሳችሁ ነው። በድኑ የተዳፈነ ቂም ውስጥ ገብታችሁ «ማን ጀመረው?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምትቆሰቁሱት ፍም አለ። እናንተ ቃለ መጠይቁን ቀርጻችሁ ትመለሳላችሁ፤ የተናገሩት እናት ግን እዚያው ይኖራሉ። ስማቸውን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ በትንሽ ቀበሌ ውስጥ የሟቹ ዕድሜና የወንዙ ስም ማንነታቸውን ያጋልጣል። ማስረጃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሰውን ለአደጋ የሚዳርግ ከሆነ ከጽሑፉ ይውጣ። አማካሪዎችም ይህን የተማሪው ድክመት አድርገን ሳይሆን የሙያው ግዴታ አድርገን ልንቀበለው ይገባል።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሽማግሌ አያደርጋችሁም። ሽማግሌው ያልጠየቀውን እንድትጠይቁ፣ ሕጉ ያላየውን እንድታዩ፣ የሰማችሁትንም በአደራ እንድትይዙ ግን ሊያበቃችሁ ይገባል።