ሁለት አብራሪዎች ከአንድ ቤት

(በመርሳ ለወልድያና ለሐብሩ ምእመናን፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞችም የቀረበ ንግግር)



በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወልድያና በመርሳ ካለፈ ወዲህ፣ ልጆቻችን የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለት አብራሪዎች እንነጋገር።

በየካቲት 1912 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ አብራሪ የስዊድን ባላባት የነበሩትን ኤሪክ ፎን ሮዘንን በአውሮፕላን ወደ ቤታቸው አደረሰ። ይህ ሰው ኸርማን ጎሪንግ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 22 የጠላት አውሮፕላኖችን እንደ ጣለ ተመዝግቦለታል። በዚያ ቤት የባላባቱን ሚስት እኅት ካሪንን አገኘ፤ በኋላም አገባት። የቤቱ ልጅ ካርል ጉስታፍ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱም አድጎ አብራሪ ሆነ።

ጎሪንግ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ከተሞችን አስደበደበ። በኑረምበርግ ሞት ተፈርዶበት፣ በጥቅምት 1939 ዓ.ም. መርዝ ጠጥቶ ሞተ።

ካርል ጉስታፍ ግን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በደበደቡበት ጦርነት ጊዜ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ አገራችንን ረዳ። ከ1938 እስከ 1948 ዓ.ም. አየር ኃይላችንን አደራጀ።

እርሱም ቢሆን እጁ ከጦር መሣሪያ ንጹሕ አልነበረም። በ1932 ዓ.ም. ለፊንላንድ ቦምብ ጥሏል፤ በ1961 ዓ.ም. በቢያፍራ ከትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አስወንጭፏል። ወሎ በረሃብ ከተጎዳ በኋላ ግን፣ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. እንደዚያው ባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ መኪና ለማይደርስላቸው ሰዎች ጣለ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በተከፈተ ጥቃት ተገደለ።

እንግዲህ ሮኬት የተሸከመ ክንፍ እህልም ይሸከማል። የእኛም መኪና፣ የመጋዘናችን ቁልፍ፣ የተረጂዎች መዝገብ እንዲሁ ናቸው። ስም መዝግበን እናበላለን፤ ስም ሰርዘን እናስርባለን። በዘመድ፣ በወገን፣ በቂም የተሰረዘ አንድ ስም ቦምብ የወደቀበት ቤት ማለት ነው። ነገ ጠዋት መዝገቡን ስንከፍት ይህን እናስብ። ማን የኛ እንደ ሆነ ሳይሆን ማን እንደ ተራበ እንጠይቅ።

እግዚአብሔር ይርዳን።