ሰው ሠራሽ ሣርና የተማሪ ጤና



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ንግግር እንድናደርግ ስለ ተፈቀደልን እጅግ ደስ ብሎናል። ስለ በዓሉ መታሰቢያ ሲመከር፣ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ሜዳ ይሠራ የሚል መልካም አሳብ ተነሥቷል። አንዳንዶችም በአዲስ አበባ በየሰፈሩ እንደሚታየው ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍበት ብለዋል። እኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ግቢ ለቅቀን እንሄዳለን፤ በሜዳው ላይ የሚሮጡት ታናናሾቻችን ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከጤና አንጻር መርምረን ያገኘነውን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሰው ሠራሹን ሣር የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። በዱራሜ ክረምት ሲገባ ሜዳ ጭቃ ይሆናል፤ በጋ ሲመጣ አቧራ ይሆናል። በባዶ እግር የሚጫወት ልጅ ሙጀሌ ይገባበታል፤ ቁስሉም አፈር ይነካዋል። ከዚህም የከፋ አለ። በደጋማው አገራችን በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ያለ ጫማ የሚኖር ሰው እግሩ የሚያብጥበት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለ በሽታ አለ። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህ በሽታ ከአፈሩ እንጂ ከትል እንዳልመጣ በ1970ዎቹ ዓመታት አስረድተዋል። እንግዲህ ባዶውን አፈር ትተን የተሻለ ሜዳ መሻታችን ተገቢ ነው። ጥያቄው የተሻለው የትኛው ነው የሚል ነው።

ሰው ሠራሽ ሣር በ1964 በአሜሪካ በአንድ ትምህርት ቤት ተነጠፈ። በ1966 ደግሞ በሂዩስተን ከተማ ጣሪያ ባለው ትልቅ ስታዲዮም ውስጥ እውነተኛው ሣር ብርሃን አጥቶ ስለ ሞተ በምትኩ ገባ፤ ዝናውም ከዚያ ተነሣ። የዛሬው ዓይነት ረጃጅም የፕላስቲክ ቅጠል አለው። ቅጠሉ እንዲቆምና መሬቱ እንዲለሰልስ በመካከሉ አሸዋና ካረጀ የመኪና ጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ ይፈስበታል።

ክርክሩ የተነሣው በዚህ ፍርፋሪ ምክንያት ነው። በጎማ ውስጥ ዚንክ፣ ልዩ ልዩ ዘይቶችና ከእነርሱም ጋር እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉ ነገሮች ይገኛሉ። ቤንዞፓይሪን በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ የዓለም የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ወስኗል። በ2008 ደግሞ በኒው ጀርሲ ግዛት በአንዳንድ አሮጌ ሜዳዎች ቅጠል ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ተገኝቷል፤ ይህም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ሳናጋንን መናገር ይገባናል። በዋሽንግተን ግዛት አንዲት የእግር ኳስ አሠልጣኝ በነቀርሳ የታመሙ ወጣት ተጫዋቾችን፣ ይልቁንም በረኞችን፣ ቆጥረው ሕዝቡ በተጨነቀ ጊዜ፣ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት መርምሮ የሕሙማኑ ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ አለመሆኑን በ2017 አስታወቀ። በ2024ም የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኬሚካሎቹ በፍርፋሪው ውስጥ መኖራቸውን፣ ወደ ተጫዋቹ የሚደርሰው ግን ጥቂት ሳይሆን እንደማይቀር ገለጡ፤ ሆኖም ጥናታቸው የጉዳቱን ልክ የሚወስን አይደለም ብለዋል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ፍርፋሪው ወደ አፈርና ወደ ውሃ ስለሚበተን፣ ሽያጩ ከ2031 ጀምሮ እንዲቀር በ2023 ደንግጓል።

አንዳንድ ሰው፣ አባቶቻችን ከጎማ የተሠራ በረባሶ ሲጫሙ ኖረው ምን ሆኑ ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን በረባሶ አንድ ወጥ ቁራጭ ነው፤ አይተነፈስም፣ አይዋጥም። ፍርፋሪው ግን በልብስ ይገባል፣ በቁስል ላይ ይጣበቃል፣ ሕፃን ልጅም ወደ አፉ ይወስደዋል።

ሙቀቱ ደግሞ ክርክር የሌለበት ነገር ነው። በዩታ ግዛት የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2002 በለኩት ጊዜ፣ አየሩ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነበት ቀን የሰው ሠራሹ ሜዳ ገጽ እስከ 93 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ዱራሜ እንዲህ አትሞቅም፤ ሆኖም ጥቁርና ፕላስቲክ ነገር የቀትር ፀሐይን ይሰበስባል። እዚያ አገር ጫማ አድርገው ይጫወታሉ፤ ከታናናሾቻችን ግን ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው ናቸው። ደግሞም በፕላስቲክ ላይ የወደቀ ቆዳው ይላጣል። በ2003 በሴንት ሉዊስ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ተጫዋቾች ላይ፣ በእንዲህ ያለው ቁስል መድኃኒት የማይበግረው ተሐዋሲ ገብቶ እንደ ነበር ሐኪሞች ጽፈዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለአገራችን እንግዳ ያልሆነ ሣር አለን፤ እርሱም ሰርዶ ነው። ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የሚጥለው ይህ ሣር፣ በብዙ ሞቃት አገሮች ለኳስ ሜዳ ተመርጦ የሚተከል ነው። ሲረገጥ አይሞትም፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ስለዚህ የክረምቱ ውሃ የሚወርድበት ቦይ በዙሪያው ይቆፈር፤ ሰርዶው በክረምት መግቢያ ይተከል፤ ሜዳውም በሁለት ተከፍሎ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ያገልግል። በተረፈው ገንዘብ የውሃ ቧንቧና የእግር መታጠቢያ ይሠራ፤ ጫማ ለሌላቸውም ጫማ ይገዛ። ይህ ሁሉ የሠራተኛ እጅ ይፈልጋል፤ የተማሪ እጅ ግን ሞልቷል።

ታላላቆቻችን ሰው ሠራሹን ከመረጡ ደግሞ፣ የጎማ ፍርፋሪ እንዳይገባበት፣ ሻጩም ቅጠሉና ሙሌቱ ከምን እንደ ተሠሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፣ በቀትርም ጨዋታ እንዳይኖር እንለምናለን። ሲያረጅም ጥቅሉ የት እንደሚጣል ከወዲሁ ይታሰብ።

ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የደረሰበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ለልጅ አይስማማም። ትምህርት ቤታችን አእምሯችንን እንደ ጠበቀ፣ የሚከተሉትን ልጆች እግርና ሳንባም ይጠብቅ ዘንድ አደራ እንላለን።