የባሕር ዳር ዛፍና የመንደር ኑሮ



ለእኛ ለመሐንዲሶች የባሕር ዳርቻ ማለት ብዙውን ጊዜ ወደብና የማዕበል መከላከያ ግንብ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዶክተር ጎርደን ሳቶ ግን በጎረቤታችን በኤርትራ፣ በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በሕርጊጎ መንደር ዛፍ መትከልን መረጡ።

በጨው ውሃ የሚበቅለው ማንግሮቭ በዚያ ጠረፍ የሚታየው በአብዛኛው የዝናብ ጎርፍ ባሕር በሚገባበት ሥፍራ ነበር። ምሥጢሩ ጎርፉ ተሸክሞ የሚያመጣው ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ብረት እንጂ ጣፋጩ ውሃ ራሱ አለመሆኑን ተገነዘቡ። ስለዚህ ገበሬያችን ሁሉ የሚያውቃቸውን ዩሪያና ዳፕ በተበሳ የላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ከቁራጭ ብረት ጋር ከችግኙ ሥር አስቀበሩ። ማዳበሪያው በዝግታ ስለሚወጣ ማዕበሉ ጠርጎ አይወስደውም። (ይህን የመሰለ ንድፍ ከመካከላችን ማን ባልተመኘ!)

የመንደሩ ሴቶች በተከላው ሥራ ደመወዝ አገኙበት። ቅጠሉ ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ፤ የማንግሮቭ ሥር ደግሞ የዓሣ ጫጩት መጠለያ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2002 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጠው።

የዋጋ ግምት ሰንጠረዣችን ለግንቡ ሲሚንቶ ዓምድ አለው፤ ለፍየሏ መኖ ግን የለውም። በዚህም የተነሣ ግንቡ ሁልጊዜ ተመራጭ ሆኖ ይወጣል፤ መንደሩ የሚያጣው ነገር በሒሳባችን አይታይም። በሐይቆቻችን ዳርቻ ለምናካሂደው ጥናት ይህ ዓምድ እንዲጨመር ለማኅበሩ ሐሳብ አቀርባለሁ።