የድልድዩ ባለ ስም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወራጅ አለ!» እያልን በቀን ስንት ጊዜ ስማቸውን እንጠራለን! ማን ነበሩ ሲባል ግን ልጆቻችን ዝም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ከእኛም ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መቻል፣ የጨቦ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው መጥተው በምኒልክ ቤት አደጉ። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 አድዋ ላይ ሲወድቁ ማዕረጉ ለእሳቸው ሆነ። በ1900 ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ደግሞ የጦር ሚኒስትር ተባሉ። ምርኮኛ ልጅ እዚህ ደረሰ ማለት እኮ ቀላል ነገር አይደለም!

ግን ሁሉንም እንናገር። እኒሁ ሰው በ1889 ቦረናን ያስገበሩ የጦር አበጋዝ ናቸው። የገባር ሥርዓት ምን እንደነበር የደቡብ ሰው ያውቀዋል። መርካቶ ከየአገሩ የመጣ ሰው ጎን ለጎን የሚነግድበት ሰፈር ነውና አንዱ የሚያመሰግናቸውን ሌላው ቢወቅሳቸው ልንቆጣ አይገባም።

ምኒልክ ታመው ቤተ መንግሥቱ ሲታመስ የጦሩ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የሸዋን ጦር መርተው ንጉሥ ሚካኤልን ድል አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት፣ ፊታውራሪ በጦሩ፤ ሥልጣን ለሦስት ተከፈለ። በ1910 መሐል ሰፋሪ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹን ሲያስወርድ እሳቸው ብቻ ቀሩ። አዲስ ነገር አይወዱም ነበር፤ ተፈሪም ሳያስፈቅዷቸው ብዙ መራመድ አልቻሉም።

በታኅሣሥ 1919 ዐረፉ። ጦራቸውን ተፈሪ ወሰዱት፤ በ1921 ንጉሥ፣ በ1923 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ታዲያ ያ ሞት የአገሩን መንገድ አልለወጠም ትላላችሁ?

በእሳቸው ዘመን ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ ነበር። ወደዚህ ያመጣው በኋላ የገባው ጣሊያን ነው። እሳቸው መርካቶን አላዩም፤ እኛ ግን በስማቸው ተሻግረን እንገባለን።

ስለ ድልድዩና ስለ ሰፈሩ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩልን፤ እንመዘግበዋለን።