ሞክሼና የትውልድ ፍለጋ በስኮትላንድ

በስኮትላንድ የአያት ቅድመ አያቱን ዘር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በስም ነው። የአንዲቱ ሴት ስም በልደቷ መዝገብ ጃኔት፥ በጋብቻዋ መዝገብ ጄሲ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ፓትሪክም ፒተር ተብሎ ይገኛል። በአንጻሩ ደግሞ የበኩሩን ልጅ በአባቱ አባት፥ ሁለተኛውን በእናቱ አባት ስም የመሰየም ልማድ ስለ ነበረ፥ በአንድ መንደር ብዙ ሞክሼዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የሌላውን አያት የራሱ ያደርጋል፤ የገዛ አያቱንም ያጣል። መፍትሔው፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት መዝገብ ነው። ይኸውም የሟቹን አባት ስም፥ የእናቱንም ስም ከተወለደችበት ቤተ ሰብ መጠሪያ ጋር ስለሚይዝ፥ ሞክሼው ከሞክሼው በወላጆቹ ይለያል። እንግዲህ ስም ይጠራል እንጂ ብቻውን አይመሰክርም።