ከወንበሩ የተነሣው የባሕር አለቃ

በጣራ ገዳም ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ለእኛ ለደጋ ሰዎች ባሕር ማለት ጣና ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጦር መርከብ አለቃ መሆኑን ስትሰሙ፣ ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የምነግራችሁ ስለ መርከቡ ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነው።

በደቡብ አሜሪካ ያለችውን ቬኔዙዌላን ማርኮስ ፔሬዝ ሂሜኔዝ የተባለ የጦር መኰንን በግፍ ይገዛት ነበር። በ1950 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ሕዝቡ ሥራ አቆመበት፤ ሠራዊቱም ከዳው፤ እርሱም ጥር 15 ቀን ሌሊት በአይሮፕላን ሸሸ። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሪር አድሚራል ቮልፍጋንግ ላራሳባል የጊዜያዊው መንግሥት ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነ። የጉባኤው አባሎች በመጀመሪያ አምስቱም ወታደሮች ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱ የሸሸው ገዥ ወዳጆች ናቸው ብሎ ሕዝቡ ቢጮኽ፣ እነርሱ ወጥተው ወታደር ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ተተኩ።

ጊዜያዊ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በእኛም አገር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት ሥልጣን የያዘው ደርግ ራሱን ጊዜያዊ ብሎ ነበር፤ ይህንንም ስም እስከ 1980 ዓመተ ምሕረት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖረ። የባሕር ኃይላችን ከፍተኛ መኰንን የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታም፣ ያለ ፍርድ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተገደሉት ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነኝና የቃሉን ጠባይ በትንሹም ዐውቀዋለሁ። በአንድ ጽሕፈት ቤት ሳለሁ ለሦስት ወር ተጠባባቂ ተብሎ የተሾመ ሰው ነበረ፤ የሹመቱንም ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ማኅተሙን ሰባት ዓመት ይዞ ቈየ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የላራሳባል ዘመን ጸጥታ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ከመኰንኖቹ ወገን ሁለት ጊዜ ሊገለብጡት ተነሡ፤ ሁለቱም ከሸፉ። ሥራ ላጡት ድሆች ከመንግሥት ገንዘብ ደመወዝ ስለ ሰጠ፣ የዋና ከተማዪቱ የካራካስ ሕዝብ እጅግ ወደደው። ግምጃ ቤቱ በዚህ ተጐድቷል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።

ምርጫው በቀረበ ጊዜ እርሱም ሊወዳደር ፈቀደ። እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን የወደድሁት። በኅዳር ወር 1951 መጀመሪያ ሊቀ መንበርነቱን ለቀቀና ኤድጋርድ ሳናብሪያ የተባለ ወታደር ያልሆነ የሕግ ሰው ተተካ። በእኛ አገር ዳኛ የራሱ ነገር ሲመጣበት ከወንበሩ ተነሥቶ ከባለጉዳዮቹ ጋር እንዲቆም፣ እርሱም እንዲሁ ቆመ። ጦሩም፣ ግምጃ ቤቱም፣ ራዲዮኑም በእጁ ሳሉ መወዳደር ይቻለው ነበር።

ኅዳር 28 ቀን ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ። ሮሙሎ ቤታንኩር ከመቶ 49 ያህል ሲያገኝ፣ ላራሳባል 35 ያህል አግኝቶ ተሸነፈ። በካራካስ ግን ድምፁ ከሁሉ በልጦ ነበርና የከተማዪቱ ድሆች ተቈጥተው ሁከት አነሡ። አባቶቼ፣ ይህች ሰዓት ምን ያህል ክፉ እንደ ነበረች አስቡ፤ የሚወደው ሕዝብ በአደባባይ ቆሞለታል፤ ትናንት ያዘዛቸው መርከቦችም በወደባቸው አሉ። እርሱ ግን ሕዝቡ ጸጥ እንዲል ለመነ፤ መሸነፉንም ተቀበለ። ከዚያ በኋላ አምባሳደር ሆኖ ወደ ቺሊ ሄደ።

በ1956 ዓመተ ምሕረት እንደ ገና ተወዳደረ፤ ከመቶ ዐሥር እንኳ አላገኘም። በዚያው ዓመት ቤታንኩር ዘመኑን ፈጽሞ ለተመረጠው ለራውል ሌኦኒ አስረከበ፤ በምርጫ የተሾመ ገዥ ዘመኑን ጨርሶ በምርጫ ለመጣ ሲያስረክብ በዚያች አገር የመጀመሪያው ነበረ። ላራሳባል በ1995 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር፣ በዘጠና አንድ ዓመቱ ዐረፈ።

ለእኔ የተሰጠኝ ጊዜ አልቋል፤ ሽማግሎቹ የሚሉትን ለመስማት እቀመጣለሁ።