ስፋቱ ወይስ ሕይወቱ? የጉበት ካንሰር ሕክምና ውጤት በምስል ሲመዘን



ከታካሚ ቤተሰብ ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ «ዕጢው ቀነሰ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ስፋትን በመለካት ብቻ አይገኝም።

ጤናማ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ትልቅ የደም ሥር፣ በፖርታል ቬን በኩል ነው። ከራሱ ከጉበት የሚነሣው ካንሰር ግን በአመዛኙ የሚመገበው ከደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ስለዚህ ኮንትራስት የተባለው ማድመቂያ ፈሳሽ በክንድ ሥር ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሲነሣ፣ በሕይወት ያለው ዕጢ አስቀድሞ ይደምቃል፤ ቆይቶም ከዙሪያው ይልቅ ይደበዝዛል።

ሕክምናው የዕጢውን ደም ሲያቋርጥ ወይም ዕጢውን በሙቀት ሲያቃጥል፣ የሞተው ክፍል ወዲያው አይኮማተርም፤ ሳይደምቅ በቦታው ይቆያል። 5 ሴንቲሜትር የነበረ ዕጢ ዛሬም 5 ሴንቲሜትር ሆኖ፣ የሚደምቀው 2.5 ብቻ ሊሆን ይችላል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬሲስት የተሰኘ መለኪያ ጠቅላላውን ርዝመት ስለሚይዝ «ለውጥ የለም» ይላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ለጉበት ካንሰር የተሻሻለው ኤምሬሲስት ግን የሚደምቀውን ብቻ ይለካል፤ ቢያንስ 30 በመቶ ከቀነሰ ከፊል ምላሽ ይለዋል።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። «አልቀነሰም» ተብሎ የሚረዳ ሕክምና ሊቋረጥ፣ ለማይረዳውም ከብት ሊሸጥ ይችላል። ስለሆነም ለክትትል ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ የቀድሞውን ምስል ከነሲዲው ያዙ፤ የዛሬው ምስል የሚነበበው ከትናንቱ ጋር ተነጻጽሮ ነውና። «በሕይወት ያለው ክፍል ምን ያህል ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።